የአዲስ አበባ የአዝማሪ ቤት ምሽት

አዝማሪ ቤት ማሲንቆ መቺውና ዘፋኟ ከእንግዳው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚጫወቱበት መጠጥ ቤት ነው። በአዲስ አበባ ከተማ አሁን ባለው መልኩ የተስፋፋው ደርግ ከወደቀ በኋላ ቢሆንም ሙያው እጅግ የቆየ ነው። አዝማሪ በጎንደር ዘመን በመኳንንት ግብር ላይ ያዜም፣ ከዘማች ጋር ተጉዞ ሠራዊቱን ያጀግን፣ በሠርግ ቤት ሕዝቡን ያጫውት ነበር። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ጎንደር አጠገብ ያለችው ቡርባክስ በዚህ የታወቀች መንደር ናት። ሹሙን በቅኔ መንካት የተፈቀደለት ይኸው ሰው፣ ግብሩ ሲነሣ ግን የሙያው ስም ስድብ ሆኖ ይጠብቀው፣ ከሌላው ወገን ጋብቻም ይነፈግ ነበር። አገር ሲዘፍንለት ለኖረው ባለሙያ የተሰጠ ዋጋ ይህ መሆኑ ያሳዝናል።

የአዝማሪን አፍ ጠላትም ፈርቶታል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶቹ ሕዝቡን ያነሣሣሉ ያሏቸውን ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች እያደኑ ገድለዋል።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ከነጻነት በኋላ የባህል ተጫዋቾችን ወደ ቲያትር መድረክ አወጣ። ከመድረኩ ውጭ የቀረው አዝማሪ በየጠጅ ቤቱ እየዞረ መጫወቱን ቀጠለ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጨዋታ ለዓመታት አዳከመው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን በካዛንቺስ፣ በጣሊያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ በተሠራው ሰፈር፣ አዝማሪ ቤቶች ተበራከቱ። ዞሮ ለማኝ ይባል የነበረው ባለሙያ የራሱን ቤት ከፍቶ እንግዳ ተቀባይ ሆነ፤ በሙያው ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ ማግኘት ይከብዳል። የእነዚያ ዓመታት የከተማ አዝማሪዎች ድምፅ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሁለተኛ አልበም ላይ ተቀርጿል።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ በርጩማና ዱካ ግድግዳውን ተጠግተው ይደረደራሉ፤ ጠጅ በብርሌ፣ ቢራም በጠርሙስ ይቀርባል። ማሲንቆው ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥን ሆኖ ቆዳ የተወጠረበት ነው። ክሩ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ከፈረስ ጭራ የተገመደ ነው። መቺው ክሩን በጣቶቹ ከጎን ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚንሸራተተው ስለዚህ ነው። ቅኝቱም እንደ ዜማው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ይሆናል።

ምሽቱን ከሌላ ሙዚቃ የሚለየው ግጥሙ እዚያው መወለዱ ነው። አዝማሪው የእንግዳውን ስም፣ ልብስና አብራው የመጣችውን ሰው አይቶ ስንኝ ይቋጥራል። ሰሙ ሲያሞግስ ወርቁ ይወጋል። እንግዳው በበኩሉ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው በአንዴ ሰምቶ፣ ቃሉን ሳያዛንፍ፣ ከዜማው ጋር አስማምቶ ያወጣዋል፤ ያልጠነከረውን ቤት ያጠነክረዋል። ብር በግንባሩ ላይ ሲለጠፍ ጨዋታው ይግላል፤ ዘፋኟም ከበሮውን ተከትላ ወደ እስክስታ ታልፋለች። ግጥም የማያወጣ አድማጭ ያለበት ምሽት ይቀዘቅዛል፤ እንግዳው የጥበቡ ግማሽ ባለቤት ነውና።

ከእነዚህ ቤቶች እጅግ የታወቀው ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ ነው። እስክስታ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ለዓመታት እዚያው ሲሠራ ቆይቶ በ2000 ዓ.ም. ቤቱን ተረከበ፤ በኋላም የሥዕል ማሳያ አክሎበት የባህል ማዕከል አደረገው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ቤቱም አብሮ ፈረሰ። አዝማሪ ቤት እንግዳ በእግሩ ገብቶ በሚደርስበት ጠባብ ሰፈር የሚኖር ጥበብ ነው፤ የከተማው ፕላን አውጪዎች በአዲሶቹ ሰፈሮች ውስጥ ቦታ ሊይዙለት ይገባል።