በዘመናዊ ፒክአፖች ላይ የሚጨመሩ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ለምን ብልሽት ያስከትላሉ?

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ፒክአፕ መኪና ከተገዛ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ መኪና ኤሌክትሪሺያን መወሰዱ የተለመደ ነው። አንዱ ባለቤት የጂፒኤስ መከታተያ፣ ሌላው ለገጠር መንገድ ተጨማሪ ፓውዛ ያስገጥማል። በመስክ ሥራ የተሰማራ ድርጅት ደግሞ የመገናኛ ሬዲዮ፣ ማቀዝቀዣ ወይም የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲስማማ አድርጎ የሚቀይር ኢንቨርተር ይጨምራል።

ዕቃዎቹ ጠቃሚ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም በተገጠሙበት ዕለት በትክክል ይሠራሉ። ችግሩ የሚታየው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ነው። መኪናው ጠዋት አልነሳ ይላል፤ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ያለ ግልጽ ምክንያት ይበራሉ፤ አንዳንዴም ሞተሩ በጉዞ ላይ ይጠፋል። ቅርብ የሚባለው ጋራዥ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር በሚርቅበት መንገድ ላይ ይህ ተራ ብልሽት አይደለም።

የብዙዎቹ ብልሽቶች መነሻ የተጨመረው ዕቃ ራሱ ሳይሆን፣ ኃይል የተወሰደበት ቦታና ሽቦው የተቀጠለበት መንገድ ነው።

ኃይል ብቻ ሳይሆን መልዕክትም የሚያስተላልፉ ሽቦዎች

በቀድሞዎቹ ፒክአፖች የኤሌክትሪክ ዝርጋታው ቀላል ነበር። ኃይሉ ከባትሪ ተነስቶ በፊውዝና በማብሪያ ማጥፊያ አልፎ አምፖሉ ዘንድ ይደርሳል። እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ፎርድ ሬንጀርና አይሱዙ ዲ-ማክስ ባሉት መኪኖች አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ግን ሞተሩን፣ ማርሹን፣ ፍሬኑን፣ ኤርባጉንና ዳሽቦርዱን የሚቆጣጠሩት የተለያዩ ኮምፒውተሮች ናቸው። እነዚህ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩት 'ካን ባስ' በተባለ የመረጃ መስመር ነው።

ቴክኖሎጂውን የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1983 ማበልጸግ ጀምሮ በ1986 በዲትሮይት ከተማ ለሕዝብ አስተዋውቆታል። መስመሩ የተጠማዘዙ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። መልዕክት በማይተላለፍበት ቅጽበት ሁለቱም 2.5 ቮልት ገደማ ላይ ይቆያሉ። መልዕክት ሲተላለፍ አንዱ ወደ 3.5 ቮልት ይወጣል፤ ሌላው ወደ 1.5 ቮልት ይወርዳል።

እንግዲህ 12 ቮልት የሚፈልግ ባለሙያ በዳሽቦርዱ ሥር ያገኘውን ሽቦ ልጦ ቢቀጥል ወይም በአምፖል መፈተሻ ቢነካካ የኮምፒውተሮቹን ንግግር ሊያቋርጥ ይችላል። ብልሽቱም በተነካው ቦታ ላይ ብቻ አይወሰንም። ለመከታተያ ተብሎ የተቀጠለ ሽቦ የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራት ሊያበራ፣ የፍጥነት መለኪያውን ሊያቆም ወይም ማርሹን ሊያስቸግር ይችላል። በምርመራ መሣሪያ ላይ በ'ዩ' ፊደል የሚጀምሩ የብልሽት ኮዶች የሚያመለክቱት ይህንኑ የግንኙነት መቋረጥ ነው።

ኃይሉ ከየት ይወሰድ?

ሌላው የተለመደ ስህተት ለተጨማሪ መብራት የሚያስፈልገውን ኃይል ከፋብሪካው የመብራት ሽቦ ላይ መውሰድ ነው። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተሩ ወደ እያንዳንዱ መብራት የሚሄደውን ኃይል መጠን ይለካል። መጠኑ ሲጨምር አጭር ዙር የተፈጠረ መስሎት መስመሩን ሊዘጋ ይችላል። መደበኛው አምፖል አነስተኛ ኃይል በሚጠቀም ኤልኢዲ ሲተካ ደግሞ አምፖሉ እንደተቃጠለ ቆጥሮ ያስጠነቅቃል። ፍሬቻ ከወትሮው በፈጠነ ሁኔታ የሚርገበገበውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ለተጨመረው ዕቃ የራሱን ፊውዝና ሪሌ የያዘ መስመር በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ መዘርጋት ነው። አንዳንድ አምራቾች ለዚሁ ዓላማ የተዘጋጁ ትርፍ መስመሮች ስለሚያስቀምጡ፣ ሽቦ ከመቁረጥ በፊት የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ይጠቅማል።

የተዘነጋው ኔጌቲቭ

ብዙዎች ለፖዘቲቩ ሲጠነቀቁ ኔጌቲቩን በቀጥታ ባትሪው ጫፍ ላይ ያስራሉ። በበርካታ አዳዲስ ፒክአፖች ግን ባትሪው ጫፍ ላይ ወደ ባትሪው የሚገባውንና የሚወጣውን ኃይል የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ። ኮምፒውተሩ ዲናሞው ምን ያህል ኃይል እንዲያመነጭ የሚያዘው በዚህ መለኪያ ላይ ተመሥርቶ ነው።

የማቀዝቀዣው ወይም የሬዲዮው ኔጌቲቭ ከመለኪያው በፊት ከታሰረ፣ ዕቃው የሚጠቀመው ኃይል ሳይቆጠር ያልፋል። ኮምፒውተሩ ባትሪው ከእውነታው በላይ እንደሞላ ያምናል። ባለቤቱ አዲስ ባትሪ ቢገዛም ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ኔጌቲቩ ቀለሙ በተፋቀና በተጸዳ የሻንሲ ብረት ላይ፣ ወይም አምራቹ ባዘጋጀው ቦታ ላይ መታሰር ይኖርበታል።

በቆመ መኪና የሚያልቅ ባትሪ

ሞተሩ ጠፍቶ በሮቹ ከተቆለፉ በኋላ ኮምፒውተሮቹ አንድ በአንድ 'ይተኛሉ'። ይህ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ከባትሪው የሚወጣው ኃይል በአብዛኛዎቹ መኪኖች ከ50 ሚሊአምፔር ባይበልጥ ይመረጣል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 50 ሚሊአምፔር በ24 ሰዓት ውስጥ 1.2 አምፔር-ሰዓት ይጨርሳል፤ 60 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ጤነኛ ባትሪ ይህንን ለሳምንታት ይችለዋል። ከማይጠፋ ማቀዝቀዣ ወይም ኢንቨርተር የተነሳ 500 ሚሊአምፔር የሚወጣ ከሆነ ግን በቀን 12 አምፔር-ሰዓት ይባክናል። ባትሪው በአምስት ቀን ባዶ ይሆናል፤ ሞተሪኖውን የማዞር አቅም የሚያጣው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በመረጃ መስመሩ ላይ የተሰካ መከታተያ ኮምፒውተሮቹን በየጊዜው የሚቀሰቅስ ከሆነ ኪሳራው ከዚህም ሊከፋ ይችላል።

ሞተር የሚያጠፋ መከታተያ

መኪና ከተሰረቀ ከርቀት ሞተሩን ለማጥፋት የሚያስችሉ መከታተያዎች በባለቤቶች ዘንድ ተፈላጊ ናቸው። ለዚህም የነዳጅ ፓምፑ ሽቦ ተቆርጦ በመሃሉ ሪሌ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሞተሩ መሥራት በዚያ አነስተኛ ሪሌና በሁለት መቀጠያዎች ላይ ይንጠለጠላል። ኮረኮንች መንገድ ላይ መቀጠያው ከላላ ሞተሩ በጉዞ መካከል ይጠፋል፤ የመሪውና የፍሬኑ አጋዥ ኃይልም ይዳከማል።

አደጋውን ለመቀነስ የሚመረጠው ሪሌውን በሞተሪኖው መስመር ላይ መግጠም ነው። ይህ የቆመ መኪና እንዳይነሳ ያደርጋል እንጂ የሚሄደውን አያቆምም።

ቀጭን ሽቦ፣ ትልቅ ፊውዝ

እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሆኑ ሁለት ፓውዛዎች በ12 ቮልት 17 አምፔር ገደማ ይፈልጋሉ። ይህን ኃይል 5 ሜትር በሚረዝምና 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ ማስተላለፍ 1.5 ቮልት ገደማ ያሳጣል። የባከነው ኃይል 25 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ሆኖ ሽቦው ላይ ይቀራል። ሽቦው ከሌሎች ጋር ታስሮ በሞቃታማ የሞተር ክፍል ውስጥ ሲያልፍ ሽፋኑ ሊቀልጥ ይችላል።

ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ስለዚህ መጠኑ በሽቦው ውፍረት ይወሰናል፤ ቦታውም በተቻለ መጠን ለባትሪው የቀረበ መሆን አለበት። የተቃጠለን ፊውዝ በትልቅ መተካት ወይም በሽቦ ማሰር፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚቃጠለው ሽቦው እንዲሆን መፍቀድ ነው።

እንደ ምፅዋ፣ በርበራና ሞምባሳ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ጨዋማው አየር በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለን መቀጠያ በፍጥነት ያዝጋል። በመጭመቂያ መሣሪያ ተጨምቆ፣ በሙቀት በሚጣበቅ ሽፋን የታሸገ መቀጠያ የተሻለ ዕድሜ አለው።

ብልሽቱን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

የመጀመሪያው ጥያቄ "ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን ተገጠመ?" የሚለው ነው። ውድ የሆነ ኮምፒውተር ከመቀየሩ በፊት የተጨመሩትን ዕቃዎች ፊውዝ አንድ በአንድ ነቅሎ ለውጡን ማየት ወጪ ያድናል። ሆኖም ፊውዙ ተነቅሎም ከመረጃ መስመሩ ጋር የተያያዘ ዕቃ ሊያውክ ስለሚችል፣ እርሱን ሙሉ በሙሉ ማላቀቅ ያስፈልጋል።

ባትሪ የሚያልቅ ከሆነ መኪናው ተቆልፎ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ፣ ፊውዞቹ ሳይነቀሉ በእያንዳንዱ ጫፍና ጫፍ ያለውን ሚሊቮልት በመልቲሜትር መለካት ይቻላል። ንባቡ ዜሮ ካልሆነ በዚያ መስመር ኃይል እየሄደ ነው።

የመረጃ መስመሩ ከተጠረጠረ ባትሪው ተለያይቶ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው ተቃውሞ ይለካል። በሁለቱ ጫፎች 120 ኦም ተቃዋሚዎች ስላሉ ጤነኛ መስመር 60 ኦም ገደማ ያሳያል። 120 ከተነበበ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቋርጧል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል፤ 40 ገደማ ከሆነ ደግሞ የተጨመረው ዕቃ የራሱን ተቃዋሚ ይዞ መጥቷል።

ብዙውን ጊዜ በቢጫ ሽፋን የሚለዩት የኤርባግ ሽቦዎች ግን ፈጽሞ ሊቀጠሉም ሆነ በመልቲሜትር ሊለኩ አይገባም፤ ኤርባጉ ሳይታሰብ ሊፈነዳ ይችላል።

ዕቃ ሲያስገጥሙ ኃይሉ ከየት እንደተወሰደ፣ ኔጌቲቩ የት እንደታሰረ፣ የፊውዙ መጠን ስንት እንደሆነና የትኛው ሽቦ እንደተቆረጠ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ወረቀቱን ከመኪናው ሰነዶች ጋር ያስቀምጡት። መኪናው በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ቢበላሽ፣ ቀጣዩ ባለሙያ ፍለጋውን የሚጀምረው ከዚያ ነው።