የመሪ ታላቅነት በምን ይመዘናል? የዐፄ ቴዎድሮስ አብነት

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፉ ልቦለዶችንና ተውኔቶችን ሳስተምር ተማሪዎቼን ዘወትር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ንጉሡን ታላቅ ያሰኛቸው ምንድን ነው?» የሚል ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም፤ አንዱ ርእያቸው፣ ሌላው አሟሟታቸው ነው። እኔም ለብዙ ጊዜ ያስተማርሁት ይህንኑ ነበር። ዛሬ ግን መመዘኛው ጎደሎ ሆኖ ይታየኛል።

በርግጥ ርእያቸው የሚካድ አይደለም። በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ በዘመነ መሳፍንት የተከፋፈለችውን አገር በአንድ ዘውድ ሥር ለማሰባሰብ ተነሡ። ወታደሩ ገበሬውን እየዘረፈ ከሚኖር በደመወዝ እንዲተዳደር ሞከሩ። ጋፋት ላይ መድፍ አሠሩ፤ መንገድ ሲሠራም ራሳቸው ድንጋይ ተሸከሙ። በመጨረሻም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። ከግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት አንሥቶ እስከ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ ልቦለዶች ድረስ በአንባቢው ልብ የታተመው ይህ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ በርእዩና በአሟሟቱ መካከል ያሉት ዓመታትም የንጉሡ ናቸው። የሸዋውን ልጅ ምኒልክን ማርከው ወስደው እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎዋ ወርቂት ሲገቡ ግን በእጃቸው የነበረው የወርቂት ልጅና ሌሎች የወሎ እስረኞች ተገደሉ። ያመለጠው ሌላ፣ የተቀጣው ሌላ። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር ተዘረፈች፤ ተቃጠለች።

እዚህ ላይ «ንጉሡ በዘመናቸው ሚዛን እንጂ በእኛ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ሚዛኑ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። በአማርኛ ከተጻፉት ዜና መዋዕሎች አድናቆት የበዛበት የደብተራ ዘነብ ድርሳን የመጨረሻዎቹን ክፉ ዓመታት ሳይደርስባቸው ያበቃል። እስከ ፍጻሜው የሚዘልቀው የአለቃ ወልደ ማርያም ድርሳን ግን ግፉን አይሸሽግም። እንግዲህ ንጉሡን በዚህ ሚዛን ያስቀመጧቸው አስቀድመው የዘመናቸው ሰዎች ናቸው።

ጉዳዩ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻም አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር፣ 13,000 ያህል ወታደር ይዞ፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ መቅደላ ሲደርስ በመንገዱ ሁሉ የሚገታው አላገኘም። የትግራዩ ካሣ አሳለፉት፤ ባላገሩም እህልና ከብት ሸጠለት። አንድ ሊያደርጓት የተነሡላት አገር በጭንቃቸው ቀን ከጎናቸው አልነበረችም። ስለዚህ ቁጣቸው ያጠፋው እስረኞቹን ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን ርእይ ጭምር ነው።

በበኩሌ የመሪን ታላቅነት በሦስት ነገር መመዘን ይገባል እላለሁ፤ ባሰበው፣ ለሐሳቡ በከፈለው ዋጋና በቁጣው ቀን በእጁ በወደቀው ሰው ላይ ባደረገው። ዐፄ ቴዎድሮስ በሁለቱ ታላቅ ናቸው፤ በሦስተኛው ግን ወድቀዋል። ተማሪዎቼ እንዲወዷቸው እሻለሁ፤ ይህን ሳይሸሽጉ ከወደዷቸው ግን የበለጠ ደስ ይለኛል።