ሕያው ልባስ፦ ውሃው ተደፍቶ የሚቀረው

ባዮፊልም ማለት ረቂቅ ተሕዋስያን በእርጥብ ነገር ላይ ተለጥፈው፣ ራሳቸው ባመነጩት ሙጫ ውስጥ ተሸሽገው በጋራ የሚኖሩበት ስስ ንብርብር ነው። በዚህ ጽሑፍ «ሕያው ልባስ» እንለዋለን። መኖሩን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ የግድ አይደለም፤ ለሳምንታት ውሃ ባቆረ ጀሪካን ውስጥ ጣት ከተው ግድግዳውን ቢዳብሱት የሚያሟልጨው ነገር እሱ ነው። የጥርስ ሐኪም የሚፍቀውም፣ ከመታጠቢያ ቤት ፍሳሽ መውረጃ ተጎትቶ የሚወጣው ዝልግልግ ነገርም የዚሁ ወገን ነው።

ቃሉን ለማስረዳት የሞተርሆምን የመጠጥ ውሃ ታንከር መርጫለሁ፤ እጅ የማይገባበት ታንከር ስለሆነ ነው። ጀሪካን ጠጠርና ውሃ ተጨምሮበት ይነቀነቃል። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ክዳኑ ተከፍቶ በብሩሽ ይፈገፈጋል። ሞተርሆም ላይ ሁለቱም አይሆኑም፤ የሚያጸዳው ሰው ልባሱ እንዴት እንደሚኖርና በምን እንደሚለቅ ካላወቀ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ሲሞላና ሲደፋ ይከርማል።

ሞተርሆም፣ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን «አርቪ» የሚሉት፣ አልጋ፣ ምድጃና ሻወር ያለው ተሽከርካሪ ነው። ሆዱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስት ታንከሮች አሉ። አንዱ የሚጠጣውን ውሃ ይይዛል። ሁለተኛው ከሻወርና ከዕቃ ማጠቢያ የሚወርደውን ይቀበላል፤ እንግሊዝኛው «ግራጫ ውሃ» ይለዋል፣ እኛ ግን እጣቢ የሚል ያለቀለት ቃል ስላለን ግራጫ ብሎ መተርጎሙ ትርፉ ድካም ነው። ሦስተኛው የሽንት ቤቱ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ጓንት ያጠልቅለታል፣ አፍንጫውን ይይዝለታል። የመጀመሪያውን ግን ንጹሕ ተብሎ ስለተጠራ ብቻ ያምነዋል።

ታንከሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን ከአልጋ ወይም ከመቀመጫ ስር ይቀመጣል። 40 ጋሎን፣ ማለትም 150 ሊትር ገደማ የሚይዝ የተለመደ ነው። ውሃ የሚሞላበት ቀዳዳ፣ ወደ ፓምፑ የሚሄድ ቱቦ፣ ቀጭን የአየር መተንፈሻና ከታች አንድ ማፍሰሻ አሉት፤ በቃ። አንድ አሳሳች ነገርም አለ። መኪናው የካምፕ ግቢ ውስጥ ቆሞ በጎማ ከቧንቧ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቀጥታ ወደ ሻወሩና ወደ ማብሰያው ይሄዳል እንጂ ታንከሩን አይነካውም። ባለቤቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ገላውን ሲታጠብና ቡና ሲያፈላ ይሰነብታል፤ ታንከሩ ውስጥ ያለው ግን ከጉዞው በፊት የተሞላው ያው ውሃ ነው። ከከተማው ቧንቧ አብሮት የመጣው ጥቂት ክሎሪን በነዚህ ቀናት ይደክማል። ከዚያ በኋላ ያለው የረጋ፣ የሞቀና ጨለማ ውስጥ ያለ ውሃ ነው።

ልባሱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ባክቴሪያዎች ግድግዳው ላይ ያርፋሉ፤ የተመቻቸው ይጣበቃሉ፣ ይራባሉ፣ ከስኳር ሰንሰለቶችና ከፕሮቲን የተሠራ ሙጫም ያመነጫሉ። ሙጫው ምግብ ይይዝላቸዋል፣ ከድርቀት ይከልላቸዋል፣ ወራጅ ውሃ እንዳይጠርጋቸው ያስራቸዋል። ልባሱ ደርቆ ቢመዘን ተሕዋስያኑ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ናቸው፤ የቀረው ሙጫው ነው። ሲወፍር ደግሞ እየተገነጠለ ወደ ቧንቧዎቹ ይወርድና ሌላ ቦታ ይለጠፋል።

አብዛኞቹ ነዋሪዎቹ ጤነኛ ሰው አይጎዱም። የሚያሳስበው እነሱ መሐል ተጠግቶ የሚኖረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ በአንድ ሆቴል ለስብሰባ የመጡ የቀድሞ ወታደሮች ምንነቱ ባልታወቀ የሳንባ ምች ታመው ብዙዎች ሞቱ። ባክቴሪያው በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሲታወቅ ከማኅበራቸው ስም ተወስዶ ሊጂዮኔላ ተባለ። ይህ ባክቴሪያ ለብ ያለ ውሃ ይስማማዋል፤ ሰው የሚይዘውም በአብዛኛው ሲጠጣው ሳይሆን ውሃው እንደ ጉም ሲበተን ሲተነፍሰው ነው። «እኔ ከታንከሩ አልጠጣም፤ የምታጠብበት ብቻ ነው» የሚሉ ሰዎች ስላሉ ይህን መናገር ያስፈልጋል። ጉሙን የሚበትነው ሻወሩ ነውና።

ልባሱ ቀድሞ የታየው አፍ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1680ዎቹ የሆላንዱ የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሊውዌንሁክ ከጥርሱ የፋቀውን ነጭ ነገር ራሱ በሠራው ሌንስ ሲያየው በሕይወት ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ሲርመሰመሱ አገኘ። ከሁሉ የሚገርመው ሌላ ትዝብቱ ነው፤ አፉን የተጉመጠመጠበት ኮምጣጤ የገደለው በውጭ ያሉትን ብቻ እንጂ ውስጥ ያሉትን እንዳልነካ ጻፈ። ባክቴሪያ የሚጠናው በብልቃጥ ውስጥ እየዋኘ በመሆኑ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ተገቢው ትኩረት አልተሰጠውም። ካናዳዊው ዊልያም ኮስተርተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባክቴሪያ እንዴት እንደሚጣበቅ «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» መጽሔት ላይ ካስነበቡ ወዲህ ግን ባዮፊልም ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ሆነ።

ለምን «ሕያው ልባስ»? አማርኛ ለሚቀራረቡ ነገሮች ቃል አላጣም። ዝቃጭ ግን ከታች የሚተኛ ነው፤ ባዮፊልም ጣሪያውም ላይ ይይዛል። ሻጋታ ሌላ ፍጥረት ነው። በትምህርት ቤት መጻሕፍት የምናውቀው ዋቅላሚ ብርሃን ይፈልጋል፤ ይህኛው በድቅድቅ ጨለማ ይኖራል። «ሽፋን» ቢባል ፋብሪካው የቀባው መከላከያ ሊመስል ይችላል። ልባስ የተለበሰ ነገር ነው፤ ሕያው የሚለው ደግሞ ከቀለምና ከዝገት ይለየዋል። «ባዮፊልም» ብሎ መቀጠል የሚሻ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ቢኖር ክርክር የለኝም። ለቤት ባለቤት ግን ግድግዳ የለበሰና በሕይወት ያለ ነገር መሆኑ አንድ ጊዜ ከገባው ቀሪውን ሥራ ለምን እንደሚሠራ ራሱ ያውቀዋል።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ፓምፑና የውሃ ማሞቂያው ይጠፋሉ። ማሞቂያው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ግፊቱ ሳይለቀቅ መክፈቻውን የሚፈታ ሰው በፈላ ውሃ ይቃጠላል። ከዚያ የታንከሩ ማፍሰሻ፣ የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ መስመሮቹ ዝቅተኛ መውረጃዎችና የቤቱ ቧንቧዎች በሙሉ ይከፈታሉ፤ ቧንቧዎቹ ካልተከፈቱ አየር ስለማይገባ ውሃው እያንጠባጠበ ያመሻል። መኪናው ወደ ማፍሰሻው በኩል ትንሽ ቢያዘነብል ይመረጣል።

መጨረሻ የሚወርደውን ውሃ በነጭ ባልዲ መቀበል ጥሩ ልማድ ነው። የመጀመሪያው ውሃ ጥርት ያለ ስለሆነ ያዘናጋል፤ የሚናገረው የመጨረሻው ባልዲ ነው። ደፍረስ ይላል፣ ቡናማ ወይም ነጣ ያሉ ስስ ቅርፊቶችም ይንሳፈፉበታል። አንዱን በጣት አሽቶ ማየት ነው። እንደ አሸዋ ከሻከረ ከጠንካራ ውሃ የቀረ የኖራ ክምችት ነው። ካሟለጨ ልባሱ ራሱ ነው፤ ባልዲው ውስጥ ቁራጩ ከታየ ደግሞ ዋናው አካል ግድግዳው ላይ አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ታንከሩን ሞልቶ በረኪና ያፈስበታል፣ ይደፋል፣ ጨረስኩ ይላል። ጠላ ጠማቂ እንዲህ አታደርግም፤ ጋኗን መጀመሪያ በግራዋ ፈግፍጋ ካጠበች በኋላ ነው በወይራ የምታጥነው። ክሎሪንም የሚቀድመው ነገር ይፈልጋል። ያገኘውን ሙጫ ሁሉ ሲያቃጥል ጉልበቱ ያልቅና ውስጥ ያሉት ጋ ሳይደርስ ይቀራል፤ ሊውዌንሁክ በኮምጣጤው ያየው ይኸው ነው። ስለዚህ ታንከሩን በከፊል ሞልቶ መኪናውን ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት፣ ኩርባ ኩርባ ባለበት መንገድ ቢሆን ደግሞ እሰየው፣ ከዚያ ሳያስተኙ ወዲያው መድፋት ያስፈልጋል። የሚላጋው ውሃ የብሩሽን ሥራ ይሠራል። የመጨረሻው ባልዲ ቅርፊት እስኪያጣ መደጋገም ነው።

ቀጥሎ ክሎሪኑ። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው መጠን ለ15 ጋሎን ውሃ ሩብ ኩባያ በረኪና ነው። በሊትር ስንቆጥረው ለ1 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል፤ በረኪናው 5 በመቶ አካባቢ ከሆነ ውሃው በሊትር ወደ 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይይዛል። ለ150 ሊትሩ ታንከር ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። በረኪናው ሽታ ወይም ማወፈሪያ ያልተጨመረበት፣ ቀኑም ያላለፈበት ይሁን፤ መደርደሪያ ላይ የከረመ በረኪና ይደክማል። እንዳለ አይጨመርም፤ በባልዲ ውሃ ተበጥብጦ ነው የሚገባው። የውሃ ማጣሪያው አስቀድሞ ይወጣል፤ ካልወጣ ክሎሪኑን እሱ ይውጠዋል።

ታንከሩ አፉ ድረስ፣ በመተንፈሻው እስኪፈስ መሞላት አለበት። ግማሽ ቢሞላ የላይኛው ግድግዳ ክሎሪን ሳያገኘው ይቀራል። ከዚያ ፓምፑ ይነሳና የበረኪና ሽታ እስኪመጣ እያንዳንዱ ቧንቧ በተራ ይከፈታል፤ ሙቁም፣ ቀዝቃዛውም፣ የውጭ ሻወር ካለም እሱ። እዚህ ላይ የእጣቢው ታንከር ይረሳል። በየቧንቧው የሚወርደው ሁሉ እሱ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ሲሞላ ደግሞ በሻወሩ ወለል ተመልሶ ይወጣል፣ ሲወጣም ንጹሕ ሆኖ አይደለም።

ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን። የክሎሪን ሥራ በመጠንና በጊዜ ይሰላል፤ ጊዜው ካጠረ መጠኑ ይጨመራል። ቸኩሎ በረኪና ከማብዛት ግን ተኝቶ ማደር ይሻላል፤ የበዛ ክሎሪን የጎማ ማሸጊያዎችንና ብረቱን ይበላል። ጠዋት ቧንቧው ሲከፈት ሽታው ጭራሽ ከጠፋ ክሎሪኑ በልባሱ ተበልቶ አልቋል ማለት ነውና ሥራው ከመፈግፈጉ ይደገማል። ሽታው ካለ ተደፍቶ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው ጣሪያ በሊትር 4 ሚሊ ግራም ክሎሪን ነው፤ 50ው እዚያ እስኪወርድ ሁለት ሦስት ጊዜ መለቅለቅ ሊፈልግ ይችላል። የክሎሪን መለኪያ ወረቀት ርካሽ ነው፤ ከአፍንጫ ይልቅ እሱን ማመን ነው። ክሎሪን ያለበት ውሃ ዓሣ ስለሚገድል ወንዝ ዳር አይደፋም።

ኮምጣጤ የኖራውን ክምችት ያሟሟል፤ ኖራው ደግሞ ልባሱ የሚደበቅበት ጎሬ ስለሆነ ማስለቀቁ ይጠቅማል። ግን በረኪናና ኮምጣጤ ባንድ ታንከር አይገናኙም። ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አንዱ ተደፍቶ በደንብ ከተለቀለቀ በኋላ ብቻ ሌላው ይገባል። የገማ እንቁላል የሚሸት ሙቅ ውሃ ካለ ደግሞ ችግሩ ከታንከሩ ይልቅ ማሞቂያው ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል እሱን ለብቻው መፈተሽ ነው።

መኪናው ለወራት የሚቆም ከሆነ ባዶና ደረቅ ሆኖ ይቁም፤ ማፍሰሻውና ቧንቧዎቹ ለጥቂት ቀን ክፍት ይቆዩ። ልባስ ያለ እርጥበት አያድግም።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ሮቶም ይሠራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው አንዴ ይሞላል፣ አንዴ ይጎድላል፣ ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ለልባሱ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ ይደፋል፣ ይፈገፈጋል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ በረኪናው ይገባል፤ ለ500 ሊትር ግማሽ ሊትር፣ ለ2,000 ሊትር 2 ሊትር። በረኪና ያለበት ውሃ በየቧንቧው እስኪሸት ይለቀቅና ተዘግቶ ይደር፤ ጠዋት ተደፍቶ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ ለልጆችም ጭምር፣ ይህ እስኪያልቅ ከቧንቧ እንዳይጠጡ ይነገር። የሚፈገፍገው ሰው ሮቶው ውስጥ የሚገባ ከሆነ ደግሞ በረኪናው የሚጨመረው እሱ ከወጣ በኋላ ነው፤ የሮቶው አንገት ጠባብ ስለሆነ ሽታው ውስጥ ይታፈናል፣ ቶሎ ወጥቶ ማምለጥም አይቻልም።