የበዓል ማዕድና የጥርስ ጤና በጎጃም ደጋ

ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ በሚዘልቀው የጎጃም ደጋ፣ የዓመቱ የምግብ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ በጾምና በፍስክ የተከፈለ ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ይፈጃል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም ሲታከሉበት የዓመቱ እኩሌታ ያህል በጾም ያልፋል። ስለ ጥርስ ጤና በተነሣ ቁጥር ወቀሳው የሚወድቀው ጾሙን በሚከተለው ድግስ ላይ ነው። የታሪኩ ምስክርነት ግን ከዚህ የተለየ ነው።

ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ የታላላቅ ግብር ከተማ ሆነች። በአዳራሹ ጥሬ ሥጋና ጠጅ፣ በገበሬው ቤት ደግሞ የቅርጫ ሥጋ፣ የዶሮ ወጥ፣ ድፎ ዳቦና ጠላ ይቀርብ ነበር። በዚህ ማዕድ ጣፋጭ የሚባለው ማር ነው፤ እርሱም በአብዛኛው ለጠጅ ይውል ስለ ነበርና ጠጅም በተለይ የመኳንንት መጠጥ ስለ ነበር፣ ተራው ሰው የሚቀምሰው አልፎ አልፎ ነው። የድግሱ ጉዳት ሌላ ነበር፤ ይኸውም በጥርስ መካከል የሚሰነቀር የሥጋ ጅማት፣ ድድ የሚያቆስል ስንጥርና የደከመ ጥርስ የሚሰብር ቆሎ ነው። ለጽዳቱም የወይራና የክትክታ መፋቂያ ከሰው እጅ አይጠፋም ነበር።

ሕመሙ ሲጸና ጥፋተኛው «የጥርስ ትል» ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ በሽተኛው የእምቧይ ፍሬ ጢስ ይታጠን ነበር። ይህ እምነት የጎጃም ብቻ አልነበረም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ ትሉን ፈልጎ እንዳላገኘ ገለጸ፤ አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለርም በ1890 የአፍ ተሕዋስያን ከምግብ አሲድ እየሠሩ ጥርስን እንደሚያሟሙ አስረዳ። ምራቅ ይህን አሲድ ለማርከስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለሆነም ጥርስን ይበልጥ የሚጎዳው አንድ ጊዜ የተበላው ብዛት ሳይሆን የመብላቱ መደጋገም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም አፍ ለዚህ ጥገና ረጅም ፋታ ነበረው።

ፋታው የተናጋው በስኳር መስፋፋት ነው። በሆላንድ ኩባንያ የተቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ፤ የመተሐራው በ1962 ዓ.ም. ተከተለ። የዓባይን በረሃ የሚያቋርጠው የመኪና መንገድም ደብረ ማርቆስን ከአዲስ አበባ ገበያ ጋር አገናኝቷት ነበር። ለእንግዳ ክብር ይቀርብ የነበረው ስኳር ቀስ በቀስ የዘወትር ሆነ፤ ከረሜላ፣ ለስላሳ መጠጥና ኬክም ወደ በዓሉ ማዕድ ገቡ። ጾመኛውም ቢሆን ጾሙ እንደ ተፈታ ስኳር የበዛበት ሻይ መጠጣት ለመደ።

ወንጂ ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በስዊድን የቪፐሆልም ጥናት ውጤት ታትሞ ወጣ። ጥናቱ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ላይ በመካሄዱ ኋላ በጽኑ ተወቅሷል። ያሳየው ግን አልተሻረም፤ ከማዕድ ጋር የተበላ ስኳር ጉዳቱ አነስተኛ ሲሆን፣ በማዕድና በማዕድ መካከል የሚበላውና ከጥርስ ላይ የሚጣበቀው ብዙ ጥርስ አበስብሷል።

እንግዲህ የጥርስ ባለሙያ በፋሲካ ማግስት የሚመጣውን በሽተኛ ስለ ዶሮው ወጥ ቢገሥጸው፣ ምክሩም ሰሚ አያገኝም፣ ጥርሱም አይድንም። ሊጠየቅ የሚገባው ከድግሱ በኋላ ባሉት ተራ ቀናት ሻዩ ስንት ጊዜ እንደሚጠጣ፣ ለልጆች የተገዛው ከረሜላ ለስንት ቀን እንደሚቆይና የመፋቂያው ቦታ በምን እንደ ተተካ ነው። በዓል በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ ጥርስን የሚያጠፋው በዓልን የዘወትር ማድረግ ነው።