ስሙ መጨረሻ ይነበብ፦ ጥንታዊው የጃፓን ጎራዴ እንደ ታሪክ ሰነድ



የታሪክ መምህር ስለ ጃፓን ጎራዴ ግዥ ምን አገባው የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ስለ ሰነድ ምርመራ ለብዙ ዓመታት ሳስተምር እንዳየሁት፣ ተማሪ ሰነድ ሲባል ወዲያው የሚታየው ብራና ወይም ወረቀት ነው። የጃፓን ጎራዴ ግን ብረት ሆኖ ሳለ እንደ ብራና ይነበባል፤ እንደ ብራናም ይፋቃል። በግእዝ መጻሕፍቶቻችን የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም በቦታው እንደ ገባ ያላየ ተመራማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ጎራዴው ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ጎራዴው ለሽያጭ የሚቀርብ መሆኑ ነው፤ በምርመራው የተሳሳተ ሰው ቅጣቱን በገዛ ገንዘቡ ይከፍላል። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ከተመለሱ ወዲህ ያቺ አገር በእኛም የአስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት፤ እኔን ወደ ዕቃዎቿ የሳበኝም ይኸው ነው። ለዶክትሬት ትምህርት በአውሮፓ ሳለሁ በአንድ የጥንታዊ ዕቃዎች ገበያ አንድ ሻጭ ረጅም ጎራዴ አውጥቶ ስለ ሳሙራይ ቤተሰብ፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውርስ ብዙ አወራኝ። ሲጨርስ እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘውን የቀርከሃ ችንካር አውልቆ የብረቱን ጭራ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። «ይበላሻል» አለኝ። የጃፓን ጎራዴ እጀታ ግን ሲሠራም እንዲወልቅ ሆኖ ነው፤ ችንካሩ በአግባቡ ሲወጣ የሚበላሽ ነገር የለም። አመስግኜው ሄድሁ። ጭራው ሳይታይ ስለ ዋጋ አይነጋገሩም።

ናካጎ የሚባለው ይህ ጭራ በእጀታው ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ክፍል ነው። አንጥረኛው በሞረድ ይከረክመዋል እንጂ እንደ ስለቱ አያስወለውለውም፤ ከዚያ በኋላ ሆን ተብሎ ለዝገት ይተዋል። ዝገቱ በመቶ ዓመታት ውስጥ እየጠቆረና እየለሰለሰ ከብረቱ ጋር አንድ አካል ይሆናል። የሞረዱ ጭረት አቅጣጫ የአንጥረኛውን ወገን ይጠቁማል፤ የችንካሩ ቀዳዳ ብዛት ጎራዴው ስንት ጊዜ እጀታ እንደ ለወጠ፣ አልፎ አልፎም እንዳጠረ ይናገራል። አዲስ ገዢ ግን በቅንነት ተነሥቶ ይህን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ «አጸዳሁት» ይላል። ይህን ስሰማ የሚሰማኝ፣ በወንጌለ ወርቅ ኅዳግ የተጻፈ የጉልት ውል በሳሙና ታጠበ ሲሉኝ ሊሰማኝ የሚችለው ዓይነት ስሜት ነው። የጠፋው ማስረጃ አይመለስም፤ የጎራዴውም ዋጋ አብሮ ይወድቃል።

ጀማሪ ጭራውን እንዳየ ዓይኑ በቀጥታ ፊርማው ላይ ያርፋል። የምመክረው ግን ስሙን መጨረሻ ላይ እንዲያነብ ነው። መጀመሪያ ፊርማውና ዝገቱ እንዴት እንደሚዋደዱ ይመልከት። የፊደሉ መቅረጫ አሮጌውን ዝገት ቆርጦ ካለፈና በፊደሉ ውስጥ ያለው ብረት ከአካባቢው የነጣ ከሆነ፣ ፊርማው ከዝገቱ በኋላ የመጣ ነው። ቀጥሎ ፊርማው በየትኛው ወገን እንዳለ ያስተውል። ታቺ የተባለው የቀድሞው ጎራዴ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ ከወገብ ይንጠለጠላል፤ ካታና ደግሞ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ በመቀነት ይሻጣል። ፊርማው እንደ ልማዱ ጎራዴው ሲታጠቁት ወደ ውጭ በሚታየው ወገን ስለሚቀረጽ፣ የፊርማው ቦታ ጎራዴው መጀመሪያ ለየትኛው አታጣጠቅ እንደ ተሠራ ይነግረናል። ሕጉ ግን ያለ ልዩነት አይሠራም፤ የሂዘን አውራጃው የታዳዮሺ ቤት አንጥረኞች ካታናቸውን በታቺ ወገን ይፈርሙ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው እውነተኛውን ሥራ ሐሰተኛ ብሎ ሊጥል ይችላል።

ሐሰተኛ ፊርማ፣ በጃፓንኛ ጊሜይ፣ ለምን እንዲህ በዛ? ምክንያቱን ወንጀል ብቻ አድርጎ ማየት አያረካኝም። በቶኩጋዋ መንግሥት ረጅም ሰላም ጎራዴ ከጦር መሣሪያነቱ ይልቅ የስጦታ ሥርዓት ዋና ዕቃ ሆነ። መሳፍንቱ ለሹመት፣ ለሠርግ፣ ለውርስ ጎራዴ ይለዋወጡ ነበር፤ ለስጦታ ደግሞ ታላቅ ስም ያስፈልጋል። የሆናሚ ቤተሰብ በዘር የሚወራረስ የጎራዴ መርማሪነት ሥራ ይዞ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ በ1719ም በሾጉኑ በቶኩጋዋ ዮሺሙኔ ትእዛዝ የታወቁ ጎራዴዎችን መዝገብ አዘጋጀ። ፍላጎቱ ከእውነተኛው ሥራ ቁጥር ሲበልጥ ፊርማ ጨማሪው ብቅ አለ። የአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት አንጥረኛ ናጋሶኔ ኮቴትሱ ገና በሕይወት ሳለ ስሙ በሐሰት ይቀረጽ እንደ ነበር ይነገራል፤ ዛሬ የእርሱን ስም የያዘ ጎራዴ ሲቀርብ ባለሙያው የሚነሣው ከጥርጣሬ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው፣ ከታላላቆቹ ሥራዎች ብዙዎቹ ፊርማ የሌላቸው መሆናቸው ነው። በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት፣ ሁለት ቤተ መንግሥት ጎን ለጎን በነገሠበት ዘመን፣ እጅግ ረጃጅምና ሰፋፊ ጎራዴዎች ይሠሩ ነበር። የውጊያው ስልት ሲለወጥ የኋላው ትውልድ ለወገቡ እንዲስማሙት አሳጠራቸው፤ የሚቆረጠው ግን ከጭራው በኩል ስለሆነ ፊርማው አብሮ ተቆርጦ ወደቀ። በካማኩራ ይሠራ የነበረውና በጃፓን ስሙ ከሁሉ የገነነው ማሳሙኔም ፊርማ ያኖረባቸው ሥራዎች በጣም ጥቂት ናቸው። እንግዲህ ፊርማ ያለው ሁሉ እውነተኛ፣ ፊርማ የሌለው ሁሉ ተራ ነው ብሎ የሚነሣ ገዢ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል።

ስሙን ትተን አካሉን እናንብብ። የጎራዴው ቅርጽ ዘመኑን ይናገራል። ጉብጠቱ ከእጀታው አጠገብ የጠለቀ፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድና ጫፉ ትንሽ የሆነ ታቺ ወደ ቀደመው ዘመን ይጠቁማል፤ ሰፊ አካልና ትልቅ ጫፍ ወደ አሥራ አራተኛው መቶ ዓመት፤ ቀጥ ወደ ማለት የተጠጋ ካታና ደግሞ ወደ 1660ዎቹ። ከቅርጹ ቀጥሎ ብረቱ ይታያል። አንጥረኛው ብረቱን እያጠፈ ደጋግሞ ስለሚቀጠቅጠው ገጹ ላይ እንደ እንጨት ያለ ሥር ይወጣል። የመጨረሻው ሥራ እሳትና ውኃ ነው። አንጥረኛው አካሉን ጭቃ ይቀባዋል፤ በጀርባው ወፍራም፣ በስለቱ ዳር ቀጭን አድርጎ። ብረቱ ግሎ ሲቀላ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ቀጭን ጭቃ ያለበት ዳር ፈጥኖ ይቀዘቅዝና ይጠነክራል፤ ጀርባው ዘግይቶ ይቀዘቅዝና ሳይሰበር የሚታገሥ ይሆናል። በሁለቱ ድንበር ላይ ሃሞን የተባለው ነጭ መስመር ይታያል። ጎራዴውን ወደ መብራት አዘንብላችሁ ብታዩት መስመሩ ውስጥ እንደ ጤዛ የሚያበሩ ቅንጣቶች ወይም እንደ ጉም ያለ ንጣት ታያላችሁ። በአሲድ ወይም በብሩሽ የተሣለው ሐሰተኛ መስመር ግን ጥልቀት የለውም፤ ከላይ የተቀባ ነጭ ቀለም ይመስላል። ዛሬ በርካሽ የሚሸጡት አስመሳይ ጎራዴዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጋለጡት እዚህ ላይ ነው።

ከጃፓን ውጭ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጎራዴ ነው። በ1876 የሜይጂ መንግሥት ጎራዴ በአደባባይ መታጠቅን ሲከለክል አብዛኛው አንጥረኛ ሥራ ፈትቶ ነበር፤ በ1930ዎቹ ደግሞ ሠራዊቱ ለመኮንኖቹ ጎራዴ ፈለገ። ከተሠሩት ብዙዎቹ እንደ ጥንቱ በውኃ ሳይሆን በዘይት የቀዘቀዙ ናቸው፤ ጭራቸው ላይም የፋብሪካ ማኅተም ይገኛል። የበታች ሹማምንት ጎራዴ በመኪና የተሠራና ተራ ቁጥር የተመታበት ነው። ሆኖም አንዳንድ መኮንን የአያቱን ጎራዴ በወታደር እጀታና አፎት አልብሶ ዘምቷል። እጀታና አፎት እንደ ልብስ የሚለወጡ ናቸው፤ ስለዚህ በልብሱ አይቶ አካሉን መናቅም ማክበርም ያሳስታል።

ስለ ወረቀት አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነውና። በጃፓን ማንኛውም ጎራዴ በመንግሥት መመዝገብ አለበት፤ ከጎራዴው ጋር የሚሄደው የምዝገባ ካርድ ግን ርዝመቱን፣ የቀዳዳውን ቁጥርና የተቀረጸውን ስም ይመዘግባል እንጂ ስሙ እውነተኛ ነው ብሎ አይመሰክርም። ሻጭ ካርዱን እንደ ማረጋገጫ ሲዘረጋ ዝም ማለት አይገባም። ለምስክርነት የሚታመነው በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጎራዴ ጥበብ ጥበቃ ማኅበር የሚሰጠው ደረጃ ያለው ወረቀት ነው። እርሱም ቢሆን የተማሩ ሰዎች ተሰብስበው የሰጡት አስተያየት መሆኑን አንርሳ።

ለጀማሪ የምሰጠው ምክር እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ይመለከታል። ከመግዛት በፊት በሙዚየም ደጋግሞ ማየት፤ በቶኪዮ ሪዮጎኩ ሠፈር ያለው የጎራዴ ሙዚየም ለዚህ የተመቸ ነው። ከዚያ ታላቅ ስም ከማሳደድ ይልቅ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰውን ዋኪዛሺ የተባለ አጭር ጎራዴ፣ የማኅበሩ ወረቀት ያለውን፣ ስንጥቅ የሌለበትን መግዛት ይሻላል። ነጋዴውም ይታጠቀው ስለ ነበር በብዛት ይገኛል፤ ዋጋውም ከካታና ያነሰ ነው። ስለቱ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ፀጉር መሰል ስንጥቅ የማይድን በሽታ ነው። «ይወለወልና ይታደሳል» የሚለውን የሻጭ ቃል በጥንቃቄ ስሙ፤ የሠለጠነ ወልዋይ ክፍያው ውድ ነው፤ እያንዳንዱ ውልወላም ከብረቱ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ የተወለወለ ጎራዴ ውጫዊው ብረት አልቆ የውስጡ ለስላሳ ብረት ይገለጣል። ገጹን በባዶ ጣት አትንኩ፤ ላባችሁ ዝገት ይተክላል።

በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ የተባባሪዎቹ ጦር ጎራዴዎች እንዲሰበሰቡ አዘዘ። ብዙዎቹ ወደሙ፤ ብዙዎቹ በወታደሮች ሻንጣ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። የቶኩጋዋ ቤት አለቃ ቶኩጋዋ ኢዬማሳ ለቤተሰቡ የተላለፈውን ሆንጆ ማሳሙኔ የተባለውን ጎራዴ ከሌሎች ጋር በቶኪዮ ለሜጂሮ ፖሊስ ጣቢያ አስረከበ። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ አልታወቀም። ጎራዴው ቢገኝ የሚያሳውቀው ፊርማ አይደለም፤ የሚያሳውቀው ቀደም ሲል ባለሙያዎች በወረቀት ያሰፈሩት የሃሞኑ መስመርና የጭራው ቅርጽ ነው። ባለቤቱ ምን እንደያዘ ሳያውቅ በአንድ ቤት ጣራ ሥር ያስቀመጠው ከሆነና አንድ ቀን ዝገቱን ለማጽዳት ብሩሽ ካነሣ፣ የሚነጻጸረው ማስረጃ ግማሹ በዚያ ከሰዓት ይጠፋል።

ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።