አንጋሽነት፦ ተሸናፊው አሸናፊውን ሲመርጥ

ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ‹‹ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ›› የተባለውን የካርታ ጨዋታ ይጫወታሉ። አንደኛው ሦስት የሕይወት ነጥብ ቀርቶታል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ሦስት። ሦስተኛው አብቅቶለታል፤ ከሁለቱ የተረፈው በቀጣዩ ተራ ያስወጣዋል። እጁ ላይ ግን አንዲት ካርድ አለች፤ ስሟ ‹‹ላይትኒንግ ቦልት››፣ በአማርኛ መብረቅ። የወረደችበትን ተጫዋች ሦስት ነጥብ ትቀንሰዋለች። አንደኛው ላይ ከጣላት ሁለተኛው ያሸንፋል፤ ሁለተኛው ላይ ከጣላት አንደኛው። ለእሱ ለራሱ ግን ድል በየትኛውም በኩል የለም።

ይህ ሁኔታ በእንግሊዝኛ ‹‹ኪንግሜኪንግ›› ይባላል። በአማርኛ ‹‹አንጋሽነት›› የሚለው ቃል በትክክል ይገልጸዋል፦ ራሱ ማሸነፍ የማይችል ተጫዋች ከሌሎቹ መካከል ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስንበት ሁኔታ ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው አንጋሽ፣ ድርጊቱ ማንገሥ ይሆናል።

ቃሉን ከሩቅ መፈለግ አላስፈለገም። ነገሠ ካለ አነገሠ አለ፤ ከአነገሠ አንጋሽ፣ ከአንጋሽ አንጋሽነት ይወጣል። ቃል በቃል ‹‹ንጉሥ ሠሪ›› ቢባል ግን ሠሪ በአማርኛ ሸክላ ወይም ጫማ የሚሠራ ባለሙያ ነው እንጂ ዘውድ የሚጭን ሰው አይደለም። ‹‹ሿሚ›› ይቀርባል፤ ሿሚ ግን ከተሿሚው በላይ ሆኖ ይቀጥላል፣ ሲፈልግም ይሽራል። የጨዋታው አንጋሽ ካነገሠ በኋላ ምንም ሥልጣን አይቀረውም።

በእንግሊዝ ታሪክ ቃሉ የዋርዊክ መስፍን ከነበረው ከሪቻርድ ኔቪል ጋር የተቆራኘ ነው። ኔቪል እ.ኤ.አ. በ1461 ኤድዋርድ አራተኛ ዙፋን እንዲይዝ ረዳ፤ በ1470 ደግሞ ሄንሪ ስድስተኛን መልሶ አነገሠ። የአማርኛ አንባቢ ራስ ሚካኤል ስሑልን ያስታውሳል። ራስ ሚካኤል በ1769 አፄ ኢዮአስን አስገድለው አፄ ዮሐንስ ዳግማዊን፣ በዚያው ዓመት ደግሞ የዮሐንስን ልጅ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊን አንግሠዋል። እነዚህ አንጋሾች ኃይል በእጃቸው የነበረ ሰዎች ናቸው። የካርታው አንጋሽ ግን የተሸነፈ ነው። ቃሉ ወደ ጨዋታ ሲገባ ትርጉሙ የሚሰፋው በዚህ በኩል ነው።

በጨዋታ ውስጥ የአንጋሽነት ችግር ከየት ይመጣል? የሒሳብ ምሁሩ ሪቻርድ ጋርፊልድ ማጂክን ፈጥሮ በ1993 ሲወጣ፣ በዋናነት የታሰበው ሁለት ሰዎች ተጋጥመው ቶሎ እንዲጨርሱት ነበር። እያንዳንዳቸው በ20 የሕይወት ነጥብ ይጀምራሉ። በሁለት ሰው ግጥሚያ መብረቋ የምታርፍበት ባላጋራ አንድ ብቻ ነው፤ የአንዱ ጉዳት በቀጥታ የሌላው ጥቅም ይሆናል። አንጋሽ የሚሆን ሰውም አይኖርም።

ሁለት ሰዎች ሲጨመሩ ሒሳቡ ይናጋል። ለፍጥነት ተብለው የተመረጡ ካርዶች የያዘ ተጫዋች 20 ነጥብ ማውረድ ይበቃው የነበረው፣ አሁን ሦስት ባላጋራ ስላለው 60 ማውረድ አለበት። አንዲት መብረቅ ሲጥል እሱ አንድ ካርድ ያወጣል፣ የተመታው ሦስት ነጥብ ያጣል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ምንም ሳይከፍሉ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ቀድሞ ማጥቃት ያከስራል። ሁሉም አድፍጦ ይጠብቃል፤ ፈጣኑ ጨዋታ ይጎተታል። መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ ያልታሰበው ሰው፣ ነጥቡ ያለቀበት፣ ውጤቱን በእጁ ይዞ ይገኛል።

የጨዋታ ሕግ ቀማሪዎች ለዚህ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል።

‹‹ኮማንደር›› በተባለው የማጂክ አጨዋወት እያንዳንዱ ተጫዋች በ40 የሕይወት ነጥብና በ100 ካርዶች ይጀምራል። ይህ አንድ ሰው ገና በጅምሩ ከጨዋታው እንዳይወጣ ይረዳል፤ አንጋሽነትን ግን አያስቀርም። ‹‹ቱ ሄድድ ጃያንት››፣ ማለትም ባለሁለት ራሱ ግዙፍ፣ ሌላ መንገድ ይይዛል። ሁለት ለሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ጥንዶቹ 30 ነጥብና አንድ ተራ ይጋራሉ፤ ሲሸነፉም አብረው ይሸነፋሉ። ወገኑ ሁለት ብቻ ስለሆነ የሚያነግሥ ሦስተኛ አይኖርም። በ2016 የመጣው ‹‹ሞናርክ›› የተባለ ደንብ ዘውዱን ራሱን ሽልማት አደረገው፦ የነገሠው ተጫዋች በየተራው መጨረሻ አንድ ካርድ ይጨምራል፤ በውጊያ የሕይወት ነጥብ ያስጣለው የፍጡር ካርድ ባለቤት ግን ዘውዱን ይወስድበታል። አድፍጦ መቀመጥ ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው።

ከሁሉ ጠለቅ ያለው መፍትሔ ጋርፊልድ ራሱ ከመነሻው ለብዙ ሰው ባዘጋጀው፣ በ1994 በሌላ ስም ወጥቶ ዛሬ ‹‹ቫምፓየር፦ ዘ ኢተርናል ስትራግል›› በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ይገኛል። እዚያ በግራ የተቀመጠው ታዳኝ፣ በቀኝ ያለው አዳኝ ነው። ዋናው ጥቃት ወደ ግራ ስለሚሄድ ‹‹ማንን ልምታ?›› የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ተመልሷል። ታዳኙን ያስወጣ ተጫዋች አንድ የድል ነጥብ ያገኛል፤ በ30 በሚጀምረው የመኖሪያ ነጥቡ ላይም 6 ይጨመርለታል። አሸናፊው ብዙ የድል ነጥብ የሰበሰበው ነው፤ እስከ መጨረሻ መቆየት ብቻውን አይበቃም።

ያ የመጨረሻ ካርዱን የያዘው ሰው በዚህ ጠረጴዛ ቢቀመጥ ምርጫው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ካርዱ በግራው ያለውን የምታስወጣለት ከሆነ የድል ነጥቡ የራሱ ነው፤ የሚጨመሩለት 6 ነጥቦችም ከቀኝ የመጣበትን ጥቃት አንድ ዙር ሊያሻግሩት ይችላሉ።