ስውር፣ ውስጥ፣ ኅቡዕ፤ ከመርካቶ ታሪክ አንጻር

ሰው ሳያይ የሚሠራን ሥራ ለመግለጽ አማርኛ የቃል ድህነት የለበትም። ሸሸገ፣ ደበቀ፣ ሰወረ፣ አደባ፣ አደፈጠ፣ ሸመቀ እያልን ስንዘረዝር አንዱ በሌላው የሚተካ ይመስለናል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቃል ከድርጊቱ ጋር ፍርድም ይዞ ይመጣል። «ከክፉ ይሰውርህ» ምርቃት ነው፤ «አድብቶ መታው» ግን ክስ ነው። «በድብቅ» በሁለቱ መካከል ቆሞ የተናጋሪውን ፊት ይጠብቃል።

ይህን ነገር በታሪክ ለመመርመር መርካቶ ጥሩ ማስረጃ ይሰጠናል። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ/ም፣ የኢጣልያ አስተዳደር የአዲስ አበባን ነዋሪ በዘር ለይቶ ለማስፈር ሲያቅድ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ የአገሬው ገበያ እንዲሆን አደረገው። መርካቶ የሚለው ስም የዚያ ፕላን ቅርስ ነው። መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ቦታው በመስመር የተሸነሸነ ነው፤ ሙያችን ለሚያውቀው ሰው፣ ለመቁጠርና ለመቆጣጠር የተመቸ ፕላን ነው። ዳሩ ግን የማይተዋወቅ ሕዝብ በየዕለቱ የሚገባበትና የሚወጣበት ገበያ ለተቆጣጣሪው ብቻ አይመችም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ/ም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጥለው ከተማይቱ ላይ እልቂት ከወረደ በኋላ፣ በከተማ ላለው ሰው ግልጽ ተቃውሞ የማይቻል ሆነ። በዱር ላለው አርበኛ ጥይት፣ መድኃኒት፣ ልብስና ወሬ የሚያቀብሉትን ሰዎች ሕዝቡ «የውስጥ አርበኛ» አላቸው። ስውር ወይም ድብቅ አላላቸውም። የተመረጠው ቃል ቦታን የሚያመለክት ነው፤ አንዱ በዱር፣ ሌላው በጠላት መካከል፣ ሁለቱም ግን አርበኛ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በዚህ ሥራ ተይዘው ኢጣልያ ውስጥ ወደምትገኘው የአሲናራ ደሴት ተግዘዋል፤ ከተመለሱም በኋላ በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ በተደረገው ውጊያ ተካፍለዋል።

የወይዘሮ ሸዋረገድ ስም ተርፏል። የብዙዎቹ ግን እንዲህ አልሆነም። የውስጥ አርበኛ ብልሃቱ ባንዳ መምሰል ነበር፤ (ባንዳ ራሱ ከኢጣልያንኛ የመጣ የጭፍራ መጠሪያ ነው)። በጠላት ቢሮ የጻፈ፣ በመንገድና በድልድይ ሥራ ያስተረጎመ ሰው በመዝገብ ላይ የሚገኘው ደመወዝ ተቀባይ ሆኖ ብቻ ነው። ሌላው ሥራው በሚገባ ከተደበቀ ወረቀት አልተወም። ከነጻነት በኋላ አስተላላፊው ወይም ተቀባዩ ሞቶበት ምስክር ካጣ፣ አርበኛ ወይም ባንዳ መባሉ በጎረቤት አፍ ላይ ወደቀ። የዚያን ዘመን የግንባታ ሥራ ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች የደመወዝ መዝገብ አገላብጠን ብቻ ስለ ሠራተኛው ልብ መፍረድ አይገባንም እላለሁ።

«ኅቡዕ» የተጓዘው ሌላ መንገድ ነው። ቃሉ ኀብአ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን «ትምህርተ ኅቡዓት» የሚባል መጽሐፍ አለ። ኅቡዕ የተባለው ከክብሩ የተነሣ እንጂ ከነውሩ አይደለም። በ1960ዎቹ የአብዮቱ ድርጅቶች፣ በተለይም ኢሕአፓ፣ በምስጢር ለሚሠራ ፓርቲ ተጠቀሙበት። ለአባሉ ኅቡዕነት ዲሲፕሊን ነበር፤ ለደርግ ግን ወንጀል። በመጋቢት 1969 ዓ/ም አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትታሰስ ቃሉ በሁለቱም ወገን አፍ ነበረ፤ ሲታሰር ግን አንዱ ወገን ብቻ ነበር የሚታሰረው።

በዚያው ዘመን የመርካቶ ነጋዴም የቃላት ጣጣ አላመለጠውም። «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚለው ክስ በሱቅ ጓዳ ውስጥ ላለ ሸቀጥ ሁሉ ሊደርስ የሚችል ነበር። ባለሱቁ «ለነገ አስቀመጥኩት» የሚለውን ጆንያ ሹሙ «የተሰወረ ዕቃ» ብሎ ይጽፈዋል፤ በፋይል ውስጥ የሚቀረውም የሹሙ ቃል ነው።